ባቡር የሚወድ ልጅ ባቡር ሙዚየም ውስጥ ለምን ያለቅሳል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሴቷ ልጄ 6፣ ወንዱ 3 ዓመታቸው ነው። ወንዱ ባቡር ብሎ ይነሳል፣ ባቡር ብሎ ይተኛል። በቀደም አንድ ትልቅ የባቡር ሙዚየም ወሰድናቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትንሹ ማልቀስ ጀመረ፣ ትልቋ ሰለቸኝ አለች። የትኬቱ ነገር አናደደን። አሁን ባለቤቴ ፔንሲልቬንያ፣ ስትራስበርግ የሚባል ከተማ አራት የባቡር ቦታ ጎን ለጎን አለ፣ በአንድ ቀን ሁሉንም እናዳርሳለን ይላል። እኔ ግን ትንንሽ ሞዴል ባቡሮች ያሉበት ሙዚየም ይሻላል ባይ ነኝ፤ እዚያ እንደልባቸው ይጫወታሉ። ወይስ ለትንሹ የኤሌክትሪክ ባቡር ገዝተንለት ቤት ብንቀመጥ? በዚህ ላይ ሐምሌ ላይ አባቴ ከድሬዳዋ ይመጣሉ። ምድር ባቡር ነበር የሚሠሩት። እሳቸውን ብንወስዳቸው ይሰለቻቸው ይሆን?»

ምላሽ፦

ትንሹ ያለቀሰው ባቡር ጠልቶ አይደለም። በእሱ ዓይን እዚያ ሙዚየም ውስጥ ባቡር አልነበረም። ለ3 ዓመት ልጅ ባቡር ማለት የሚሄድ፣ የሚያፏጭ፣ የሚያያዝና የሚለያይ ነገር ነው። የቆመ ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚስበው ሞተር፣ ለእኛ ታሪክ ነው። ለእሱ ጥቁር ግድግዳ ነው፤ ያውም «አትንካ» የተባለበት ግድግዳ። ሥራዬ በሙዚየም የልጆች ጉብኝት ማዘጋጀት ነውና እንዲህ የሚያለቅስ ልጅ አዲስ አይሆንብኝም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የልጁም የወላጁም አይደለም። ቦታውና ዕድሜው አልተገናኙም፣ በቃ።

ቁመቱን ያስቡት። ዋሽንግተን፣ የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ 1401 የሚል ቁጥር የተጻፈበት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አለ። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ 28 ሜትር ገደማ ነው። ትልልቆቹ ጎማዎች ብቻ 1 ሜትር ከ85 ቁመት አላቸው። የ3 ዓመት ልጅ 95 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። እርስዎ አጠገቡ ቆመው ሙሉ ሎኮሞቲቭ ያያሉ። ልጅዎ የአንድ ጎማ ግማሽ ያያል። ከዚያ ደግሞ የሰው እግር። አንድ ጊዜ በልጁ ቁመት ቁጢጥ ብለው ይመልከቱ፣ ነገሩ ወዲያው ይገባዎታል።

ስለዚህ ትልቅ ሎኮሞቲቭ ሲያሳዩት መጀመሪያ ራቅ ይበሉ። ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ሆኖ ሙሉውን፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ይየው። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ መርጠው ያቅርቡት፦ ጎማውን፣ ወይም ፉርጎ ከፉርጎ የሚያያዝበትን መንጠቆ። መንጠቆው ለትንንሽ ልጆች የሙዚየሙ ንጉሥ ነው፤ ቤት ውስጥ በእንጨት ባቡራቸው የሚያውቁት ነገር ነውና። ቦይለሩን፣ ፒስተኑን፣ የኩባንያውን ታሪክ ይተዉት። ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ትልቋ የሰለቻት በሌላ ምክንያት ነው። የ6 ዓመት ልጅ የቆመ ነገር ማየት ትችላለች፤ የምትፈልገው ሥራ ነው። ወላጆች ከቅንነት የተነሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ እየተረጎሙ ያነቡላቸዋል። አያንብቡላት። ይልቅ «ይሄኛው ምን ይበላ ነበር?» ብለው ይጠይቋት። ከኋላው የድንጋይ ከሰል መያዣ ካለ ከሰልና ውኃ ይበላል። ጣሪያው ላይ ወደ ሽቦ የሚዘረጋ ዘንግ ካለ ኤሌክትሪክ ይበላል። ሁለቱም ከሌሉ ናፍጣ ሊሆን ይችላል። በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አዳራሹን በሙሉ እየሮጠች ታስሳለች። ስልክዎን ሰጥተው የተሠራበት ዓመት የተጻፈባቸውን ትንንሽ የብረት ሰሌዳዎች ፎቶ አንሺ ማለትም ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚያረጀውን ያገኘ ያሸንፋል።

አሁን ወደ እርስዎ ሐሳብ ልምጣ። የሞዴል ባቡር ሙዚየም መጫወቻ ቦታ አይደለም። ይህን ሳያውቁ ከሄዱ ካለፈው የባሰ ለቅሶ ይጠብቅዎታል። ሞዴል ባቡር ጥንቃቄ የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ነው። በጣም የተለመደው ዓይነት፣ ኤች ኦ የሚባለው፣ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል። 20 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኤን የሚባለው ደግሞ 160 ጊዜ ያንሳል። አብዛኛው ማሳያ በመስታወት ወይም በአጥር ተከልሏል፤ ጠረጴዛው ደግሞ ለአዋቂ ደረት እንዲመች ተደርጎ ነው የሚሠራው። ልጅዎ ከታች ሆኖ የሚያየው የጠረጴዛውን ሆድ ነው።

«አትንካ» የሚባለው ከስስት አይደለም። ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ የሚገባው በሃዲዱና በጎማው በኩል ነው። የጣት ቅባት ወይም የብስኩት ፍርፋሪ ሃዲዱ ላይ ካረፈ ባቡሩ ይንገጫገጫል፣ ወይም መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ትንሽ ገፋ ከተደረገ ከሃዲዱ ይወጣል። ከኋላው የሚመጣው ደግሞ ይጋጨዋል። ብዙ ወላጅ «ልጄን ኤሌክትሪክ ይይዘዋል» ብሎ ነው የሚፈራው። ሃዲዱ ላይ ያለው እንደ ዓይነቱ ከ12 እስከ 18 ቮልት አካባቢ ነው። ችግሩ እሱ አይደለም፤ ዓመታት የተለፋበት ሥራ በአንድ ምት መበላሸቱ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ሞዴል ባቡር ለሁለቱም ልጆችዎ ከቆመ ሎኮሞቲቭ ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱም ይሄዳል። ዋሻ ገብቶ ይጠፋል፣ በሌላ በኩል ብቅ ይላል። የ3 ዓመት ልጅ ለዚህ ነገር ትዕግሥቱ ያስገርማል። ቁም ነገሩ ቦታ መምረጡ ላይ ነው። ጎብኚው የሚጫነው ቁልፍ ያለበትን ይምረጡ። ቁልፉን ሲጫን መብራት ይበራል፣ ድልድይ ይነሳል፣ ባቡር ይነሳል። ለልጅ «እኔ ነኝ ያስነሳሁት» ማለት ትልቅ ነገር ነው። ከነካውና ካልነካው ነገር የቱን እንደሚያስታውስ ማታ ይጠይቁት።

ሌላም አለ። ከማሳያው ጀርባ የሚቆሙት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባቡሩን፣ ተራራውን፣ ዛፉን በእጃቸው የሠሩት እነሱ ናቸው። ማውራት ይወዳሉ፤ የሚጠይቃቸው ያጣሉ እንጂ። እኛ ሐበሾች መጠየቅ እናፍራለን። እዚህ አይፈሩ። «ልጄ አንድ ጊዜ መቆጣጠሪያውን መያዝ ይችል ይሆን?» ይበሉ። ሁልጊዜ እሺ አይሉም። ሰው ባልበዛበት ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ ካልሆነም ልጁ የማያገኛቸውን ነገሮች ይጠቁሙታል፦ ጣሪያ ላይ የተኛች ድመት፣ መኪናው የተበላሸበት ሰውዬ። ለትልቋ ደግሞ ይህ ፍለጋ ሙሉ ጨዋታ ነው።

ልጁን ወደ ላይ ከፍ ለማድረግ ጎንዎ ላይ ይያዙት፤ ከአባቱ ጋር እየተቀያየራችሁ። ትከሻ ላይ ማስቀመጥ ይቅር። ከዚያ ከፍታ ወደ መስታወት ሲዘነበል ማየት የሚያስደነግጥ ነገር ነው። መቆሚያ ደረጃ መኖሩን በስልክ መጠየቅ ይቻላል። የራስዎን በርጩማ ይዘው ከመሄድዎ በፊትም ይጠይቁ፤ ሰው ያደናቅፋል ብለው የሚከለክሉ አሉ።

የኤሌክትሪክ ባቡር መግዛቱን ለአሁን ይተዉት። ብዙዎቹ ሳጥናቸው ላይ ከ8 ወይም ከ14 ዓመት በላይ ተብሎ ይጻፋል፤ ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም። የሚነቃቀሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች አሏቸው፣ የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ ነገሮችን አሁንም በአፉ ይመረምራል። ሃዲዱ ዝቅተኛ ቮልት ቢሆንም ትራንስፎርመሩ የሚሰካው ግድግዳው ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አባቱ ይሆናል የሚጫወትበት፤ ልጁ እያየ ያለቅሳል። ለ3 ዓመት የእንጨት ሃዲድና በማግኔት የሚያያዙ የእንጨት ባቡሮች ይበቃሉ። ያገለገሉ በርካሽ ይገኛሉ። ሲገዙ ማግኔቱ አለመላላቱን ይዩ፤ የተዋጠ ማግኔት ቀልድ አይደለም፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነገር ነው። ባትሪ ያለበት ከሆነም የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር ይሁን።

ድምፅን በተመለከተ ብዙ ወላጅ ሳይዘጋጅ ነው የሚሄደው። ባቡር በቪዲዮ የሚወድ ልጅ እውነተኛው የእንፋሎት ፉጨት አጠገቡ ሲለቀቅ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። ፈሪ ሆኖ አይደለም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ፉጨት ኪሎ ሜትሮች ርቆ እንዲሰማ ተደርጎ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ ግፊቱ ሲበዛ እንፋሎቱን በራሱ የሚያስተነፍሰው ቧንቧ ሳያስጠነቅቅ «ፏ» ብሎ ይከፈታል፤ ትልልቅ ሰዎችንም ያስደነግጣል። የልጆች ጆሮ መከለያ ይግዙ። ቀድመው ቤት ውስጥ እያስለመዱት ይሰንብቱ፤ እዚያው ከፍተው ቢያደርጉለት ይጥለዋል። ከሎኮሞቲቩ ራቅ ብለው ይቁሙ፣ ሲሳፈሩም መሀል ፉርጎ ላይ ይቀመጡ። ወላጆች «ፊት ፊት» ማለት ይወዳሉ፣ ለትንሽ ልጅ ግን ፊት የጩኸትና የጥላሸት ቦታ ነው።

ወደ ቦታዎቹ ልለፍ። ባለቤትዎ ያለው ስትራስበርግ እውነትም ድንቅ ቦታ ነው። ለእናንተ ግን አሁን አይሆንም። እዚያ ያለው የእንፋሎት ባቡር ድርጅት የተቋቋመው በ1832 ነው። እስካሁን በሥራ ላይ ካሉ የአሜሪካ ባቡሮች በዕድሜ የሚቀድመው የለም። አሚሽ የሚባሉትን፣ በጥንቱ አኗኗር የሚኖሩ ገበሬዎች ማሳ አቋርጦ ፓራዳይዝ የምትባል መንደር ደርሶ ይመለሳል፤ ደርሶ መልሱ 45 ደቂቃ ያህል ነው። ከመንገዱ ማዶ የፔንሲልቬንያ የባቡር ሙዚየም አለ፤ ከ100 በላይ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች አሉት። ያው እንግዲህ፣ ባለፈው ጊዜ ልጁን ያስለቀሰው ዓይነት፣ የቆሙ ናቸው። ሦስተኛው ብሔራዊ የመጫወቻ ባቡር ሙዚየም ነው፤ ቁልፍ የሚጫኑባቸው ማሳያዎች አሉት። አራተኛው ቹ ቹ ባርን የሚባለው ነው፤ አንድ ቤተሰብ የገና ባቡሩን እያሰፋ እያሰፋ ሄዶ ትልቅ አዳራሽ የሞላበት። እዚያ ትንሽ ቤት ይቃጠላል፣ ትንንሽ እሳት አደጋዎች ይደርሱለታል። መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ሌሊት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ጨለማ የሚፈራ ልጅ ካለ ቀድመው ይንገሩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ እዚያ ለመድረስ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ሁለት ሰዓት መኪና፣ አራት ቦታ፣ ሁለት ሰዓት መመለሻ። ይህ የ3 ዓመት ልጅ ቀን አይደለም። ማንም ሰው አራቱን በአንድ ቀን አዳረስኩ ካለዎት ልጆቹን አልጠየቁም። ስትራስበርግን ስታስቡ አንድ ሌሊት አድራችሁ፣ ሁለት ቦታ ብቻ መርጣችሁ ይሁን፦ የእንፋሎቱን ባቡርና ከሁለቱ የሞዴል ቦታዎች አንዱን። ቶማስ፣ ያ የሰው ፊት ያለው የልጆች ፊልም ሰማያዊ ሎኮሞቲቭ፣ በሚመጣባቸው ልዩ ቀናት አትሂዱ። ትኬቱ ይወደዳል፣ ሰዉ ይተራመሳል፣ ጉዞው ያጥራል። ትንሹ ደስ ሊለው ይችላል፣ እናንተ ግን ሰልፍ ላይ ታረጃላችሁ።

ባልቲሞር ያለው የቢ ኤንድ ኦ (ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ የተባለው የድሮ ባቡር ኩባንያ) ሙዚየም ቀጣዩ ደረጃ ነው። ዋናው አዳራሽ በ1884 የተሠራ፣ 22 ጎን ያለው ክብ ሕንፃ ነው። መሀሉ ላይ ሎኮሞቲቭ ተጭኖበት የሚሽከረከር መድረክ አለ፤ ዙሪያውን አሮጌ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ፊታቸውን ወደ መሀል አዙረው ቆመዋል። አዳራሹ ክብ መሆኑ ለወላጅ ትልቅ ጥቅም አለው፦ መሀል ሆነው ሁለቱንም ልጆች ያያሉ። በፌብሩዋሪ 2003 ከባድ በረዶ የጣሪያውን ግማሽ ያህል አፍርሶት ነበር፤ ተጠግኖ በ2004 ተከፈተ። ይህን ለትልቋ ይንገሯት፣ ቀና ብላ ጣሪያውን ማየቷ አይቀርም። ትልቁ ነገር ግን ጉዞው ነው። በአሜሪካ ለንግድ ከተዘረጋው የመጀመሪያ ሃዲድ ላይ አጭር ጉዞ ያደርጋሉ። ሁልጊዜ አይኖርም፤ እንደ ወቅቱና እንደ ቀኑ ነው።

እዚያ ስትሄዱ ጉዞውን መጀመሪያ አድርጉት። ብዙ ወላጅ «መጨረሻ ላይ ባቡር እንሳፈራለን» ብሎ ልጁን ሲያባብል ይውላል። ልጁ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ምንም አያይም፣ «ባቡሩ መቼ ነው?» እያለ ያደርቃል። ቀድሞ ከተሳፈረ ልቡ ያርፋል። ከዚያ አዳራሹን አርባ ደቂቃ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ቤት። ጨዋታ ቦታ ላይ የእንጨት ባቡር ጠረጴዛ ካገኘና አልላቀቅም ካለ ይተዉት። «ይሄ ቤት አለ፣ ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት?» ማለት ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ልጁ ግን አሁን ያየውን ነው እየደገመ ያለው። ሙዚየሙን የሚያየው እንዲህ ነው።

ሱቁን ከወዲሁ ያስቡበት። ከሙዚየም ሲወጡ በሱቁ በኩል ነው የሚያሳልፍዎ፤ በአጋጣሚ አይደለም። ከመግባታችሁ በፊት «ዛሬ አንድ ነገር እንገዛለን» ወይም «ዛሬ አንገዛም» ብላችሁ ወስኑ፣ ንገሯቸው፣ አትለውጡ። መክሰስም ይያዙ። አዳራሽ ውስጥ መብላት አብዛኛው ቦታ ክልክል ነው። የሙዚየም ካፌ ውስጥ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው የሚበላው ከድንች ጥብስ ያለፈ ብዙ አያገኝም።

የዓመት አባልነት ካርድ በመጀመሪያው ቀን አይግዙ። መጀመሪያ ልጆቹ ቦታውን ይውደዱት።

አሁን አጠገባችሁ ያለውን ልንገራችሁ። እዚያው ኮልስቪል፣ ቦኒፋንት መንገድ ላይ ብሔራዊ ካፒታል ትሮሊ ሙዚየም አለ። ከቤታችሁ በመኪና ቅርብ ነው። ትሮሊ የሚባሉት በከተማ ጎዳና ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ባቡሮች ናቸው፤ ዋሽንግተን ውስጥ እስከ 1962 ነበሩ። ሙዚየሙ ትንሽ ነው። ለእናንተ ትንሽነቱ ነው የሚጠቅማችሁ። አሮጌ ትሮሊ ተሳፍራችሁ በጫካ መሀል ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። ጩኸቱ ልከኛ ነው፣ ሰዉ አይበዛም፣ አሽከርካሪው የሚያዞረውን እጀታ ልጁ ከቅርብ ያያል። ገደቡንም ልንገራችሁ፦ በአብዛኛው የሚከፈተው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚያቆይ ነገር የለውም፣ ግዙፍ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አታዩበትም። ለትንሹ አንዱም ችግር አይደለም።

ከዚያም በታች የሚወርድ ምርጫ አለ፣ ሰው ይንቀዋል እንጂ። ዊተን ፓርክና ኬቢን ጆን ፓርክ ውስጥ ልጆችን አሳፍሮ የሚዞር ትንሽ ባቡር አለ፤ ሲሞቅ ብቻ ነው የሚሠራው። ሌላው ደግሞ የየቀኑ ሜትሮ፣ የዋሽንግተን የከተማ ባቡር ነው። ቀዩን መስመር ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዩኒየን ስቴሽን፣ ወደ ዋሽንግተን ዋናው የባቡር ጣቢያ፣ ስትይዙ ባቡሩ ረጅም መንገድ የሚሄደው ከመሬት በላይ ነው። ጎን ለጎን የጭነት ባቡር፣ ማርክ (የሜሪላንድ የመንገደኞች ባቡር) እና አምትራክ (አገር አቋራጩ ባቡር) የሚያልፉበት ሃዲድ አለ። መስኮት ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ሙዚየም ውስጥ የማይገኝ ነገር ታያላችሁ፦ በሥራ ላይ ያለ ባቡር። ዩኒየን ስቴሽን ወርዳችሁ አይስክሬም በልታችሁ መመለስ ሙሉ ጉዞ ነው። ከበረታችሁ 1401 እስካለበት ሙዚየም መድረስ ይቻላል፤ ሙዚየሙ የስሚዝሶኒያን ስለሆነ መግቢያ አይከፈልበትም፣ ስለዚህ አሥር ደቂቃ አይቶ መውጣት አያናድድም።

አባትዎን በተመለከተ ፍርሃትዎ ከንቱ ነው። ከሁላችሁ በላይ የሚደሰቱት እሳቸው ይሆናሉ። ግን ወደ ሞዴል ባቡር አይውሰዷቸው፤ ባልቲሞር ይውሰዷቸው። ድሬዳዋን የፈጠራት ባቡር ነው፤ ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እዚያ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እሳቸው የሠሩበት የድሮው መስመር የሃዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። የአሜሪካው 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ነው፤ አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመርም እንዲሁ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ትልቋ ትለካ። አያቷ ልዩነቱን በእጃቸው ያሳይዋት፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ ይንገሯት። ለእሳቸው ጊዜ ስጧቸው፤ አንድ ቀን እሳቸውና ትልቋ ብቻ ቢሄዱ እመርጣለሁ። ትንሹ እያለቀሰ አንድ የምድር ባቡር ሰው ወሬ ሊጨርስ አይችልም። ፉርጎዎቹ ላይ ያለው ደረጃ ከፍ ያለ ነው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ አዳራሹ ይበቃል። ወደ ዋሽንግተን ከወሰዷቸው ደግሞ 1401ን ያሳዩአቸው። በኤፕሪል 1945 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አስከሬን የያዘውን ባቡር ከሳቡት ሎኮሞቲቮች አንዱ ነው። ሩዝቬልት ጃንሆይን ግብፅ ላይ፣ መርከባቸው ውስጥ ተቀብለው ያነጋገሩት በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ነበር። በዚህ ብቻ የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ይወጣቸዋል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሙዚየም ውስጥ ሃዲድ ላይ ቆሞ ፎቶ የተነሳ ልጅ ሃዲድ መጫወቻ ይመስለዋል። እውነተኛው ሃዲድ ሌላ ነገር ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ረጅም የጭነት ባቡር ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። የሜትሮው ሦስተኛ ሃዲድ፣ ኤሌክትሪኩን ለባቡሩ የሚሰጠው፣ 750 ቮልት ነው፤ ያ የሞዴሉ 12 ቮልት አይደለም። ጣቢያ ላይ እጁን ይያዙ፣ ወለሉ ላይ ካሉት ጉብጉብ ካሉት ንጣፎች ኋላ ይቁሙ። ሃዲድ ላይ ፎቶ አያንሱት፣ ሙዚየም ውስጥም ቢሆን። ለ3 ዓመት ልጅ የተፈቀደና ያልተፈቀደ ሃዲድ ብሎ ነገር የለም። በጋ ላይ ወደ አገር ቤት ሄዳችሁ የድሬዳዋን ወርክሾፕ ለማየት ካሰባችሁም እንዲሁ ነው። ፈቃድ ተጠይቆ ከአስጎብኚ ጋር ይገባል፣ አሮጌዎቹ ማሽኖች ማየት የሚያስቆጭ አይደለም። ግን ጉድጓድና ከባድ ብረት ያለበት ቦታ ነው፣ ለልጅ ተብሎ አልተሰናዳም። ትንሹ ክንድ ላይ ይሁን።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። በዚህ ወር አንድ ቅዳሜ ትሮሊ ሙዚየም፣ ሁለቱንም ልጆች ይዤ። ብዙ አላየሁም ብዬ አልቆጭም። ሐምሌ ላይ አያት ሲመጡ ባልቲሞር፣ እሳቸውና ትልቋ፣ ሌላው ቤተሰብ ቢፈልግ ለጉዞው ብቻ። በሥራ ቀን ከሆነ ከዩኒየን ስቴሽን በማርክ የካምደን መስመር መሄድ ይቻላል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን አይሠራም። ከካምደን ጣቢያ እስከ ሙዚየሙ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚቀር እዚያ ታክሲ ያዙ። ስትራስበርግ ትንሹ 5 ዓመት ሲሞላው። ባለቤትዎ ያኩርፉ።

እና የትም ስትሄዱ ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ነገ ባቡሩ ይሄዳል ወይ?» አሮጌ ሎኮሞቲቭ ይበላሻል፣ ሙቀት ይከለክለዋል፣ ሠራተኛ ይጎድላል። ድረ ገጹ ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ አይታደስም። አይሄድም ካሏችሁ ትኬት አትቁረጡ፤ ዊተን ሂዱ።